ጀርመን ልሄድ ነው፣ 32 ዓመቴ ነው፣ የጤና ኢንሹራንሱ ግራ አጋባኝ

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለቤቱ። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነኝ። ጀርመን ለፒኤችዲ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ኤምባሲ የምቀርበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሌላው ሰነድ ሁሉ ሞልቷል፣ የቀረኝ የጤና ኢንሹራንስ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም።

ኢንተርኔት ላይ በወር 33 ዩሮ የሚል አለ፣ 140 ምናምን የሚል አለ፣ ከ400 በላይ የሚልም አይቻለሁ። አገሩ ያው ጀርመን፣ ታካሚው ያው እኔ፣ ዋጋው ግን እንደ ሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። ስኮላርሺፑ ለኢንሹራንስ ብሎ ትንሽ ብር ይጨምርልኛል እንጂ ራሱ አይገዛልኝም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አምና የኩላሊት ጠጠር ይዞኝ አራት ቀን ተኝቼ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ። ባለቤቴና የ3 ዓመት ልጃችን ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ይከተሉኛል ብለን ነው ያሰብነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ 33ቱ ነው ያዘነበለው። ተሳስቼ ይሆን?

ባጃጅ 07 (ጅማ)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ስለ ኢንሹራንስ የባጃጅ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው የማውቀው። ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ከኮቺ እስከ ሙኒክ

አሰላሙ አለይኩም። ሰባት ዓመት እዚህ ኖሬአለሁ፣ ያደግኩት እዚያው ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው። ቀስ ብለህ አንብበኝ፣ ሊረዝም ነው።

ጀርመን ሁለት ዓይነት ኢንሹራንስ አለ። አንደኛው የሕዝብ ነው፣ ቴካ፣ አኦካ፣ ባርመር የሚሏቸው ድርጅቶች ናቸው የሚሰጡት፣ ጀርመኖቹ ድርጅቱን «ካሳ» ይሉታል። ሁለተኛው የግል ነው። አንተ ያየሃቸው ሦስቱ ዋጋዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 140 ምናምኑ የሕዝቡ የተማሪ ዋጋ ነው፣ ግን እሱ የሚሰጠው ዕድሜው ከ30 በታች ለሆነ ተማሪ ነው። አንተን አይመለከትህም፣ ለዚያውም የዶክትሬት ተማሪ ገና 25 ቢሆን እንኳ በዚያ ዋጋ አይገባም። ከ400 በላይ ያልከው ሙሉው የግል ኢንሹራንስ ነው። 33ቱ ደግሞ «ኢንካሚንግ» ይሉታል፣ ለእንግዳ የተሠራ የመንገደኛ ኢንሹራንስ ነው። ወድቀህ እጅህ ቢሰበር ያሳክምሃል። ይዘኸው ለመጣኸው በሽታ ግን አይከፍልም። ውሉን አውርደህ «ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም» የሚለውን አንቀጽ ፈልገው፣ ሳይኖር አይቀርም። ጠጠርህ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ስኮላርሺፕ ብቻ ነው ያለህ ወይስ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሥራ ውል አለህ? ይሄ ሁሉን ነገር ይቀይረዋል። የሥራ ውል ያለው ሰው ደመወዙ «ሚኒጆብ» ከሚሏት ትንሿ ሥራ የደመወዝ ጣሪያ ካለፈ (በፈረንጆቹ 2025 ጣሪያው በወር 556 ዩሮ ነበር) የሕዝቡ ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት ግዴታው ነው። አንተ ግዴታ ትለዋለህ፣ እኔ ዕድል ነው የምለው። በሽታ ነበረብህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ግማሹን ያህል አሠሪህ ይከፍላል። ገቢ የሌላት ሚስትህና ልጅህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብረውህ ይገባሉ። ግል ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ነፍስ ለየብቻ ነው የምትከፍለው።

ስኮላርሺፕ ብቻ ከሆነ፣ እንዳንተ ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚመጣ ሰው የሕዝቡ በር በአብዛኛው ዝግ ነው።

ድሬስደን ሦስት ዓመት

አቦ ሰው አታስፈራሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በኢንካሚንግ ኖሬአለሁ። ሁለቴ ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ሁለቴም ከፈሉልኝ። የተረፈኝን ብር እናቴ ቤት ጣሪያ ቀየርኩበት። ወጣት ነህ፣ ጤነኛ ነህ፣ በየወሩ ለካሳ ምን አስገበረህ?

ሰሚራ ጊሰን

@ድሬስደን አልሐምዱሊላህ አልታመምክም፣ ነገሩ እሱ ብቻ ነው።

የኔን ልንገራችሁ። እኔም በዚያው ዓይነት ነው የመጣሁት። በመጣሁ በመጀመሪያው ወር አረገዝኩ። ደስ ብሎን ለኢንሹራንሱ ደወልን። ሴትዮዋ በጣም ጨዋ ናት፣ ውሉን ከፍታ አነበበችልኝ፦ ከወሊድ ጋር የተያያዘ ወጪ የሚሸፈነው ውሉ ከተጀመረ ከስምንት ወር በኋላ ነው። በጣት ቆጠርን። ክትትሉ ሁሉ ከኪሳችን ሊወጣ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን እራት አልበላም። ኋላ እሱ ሥራ አግኝቶ የሕዝቡ ውስጥ ሲገባ እኔም በሱ ገባሁ፣ ለወሊዱ ደረሰልን። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የሐኪም ደረሰኝ ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ መጣል አልቻልኩም።

ስለዚህ ወንድማችን፣ ሁለተኛ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ይቺን የስምንት ወር ነገር አሁኑኑ አንብብ። የግሎቹ ላይ ሁሉ የተለመደች ናት።

አንድ ሌላ ነገር። የመኖሪያ ፈቃድ ልታሳድስ ስትሄድ የውጭ ዜጎች ቢሮው ርካሹን ላይቀበልህ ይችላል። አንዱ ከተማ ይቀበላል፣ አንዱ ይመልሳል። እኛን መልሰውናል።

ድሬስደን ሦስት ዓመት

እሺ ሰሚራ፣ ለባለትዳር ሌላ ነው። እኔ ወንደላጤ ነኝ፣ እሱን አልካድኩም።

የአዌቱ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ትናንት ማታ የ33ቱን ውል አውርጄ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አነበብኩት። መብራትም ጠፍቶ ነበር፣ በስልክ ብርሃን ነው የጨረስኩት። 24 ገጽ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ወጣቶች ብስክሌት ይዘው ይስቃሉ። ገጽ 11 ላይ በትንንሽ ፊደል «ውሉ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ወይም የታከመ ሕመምና ከእርሱ የሚመጣ ሁሉ» ይላል። «ከእርሱ የሚመጣ ሁሉ» የምትለዋ ናት ያስደነገጠችኝ። ነገ ጎኔን ቢያመኝ፣ ከጠጠሩ አይደለም ብዬ በምን ላስረዳ?

የሥራ ውል የለኝም፣ ስኮላርሺፕ ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩን መጠየቅ ነውር አይሆንም?

ከኮቺ እስከ ሙኒክ

ምኑ ነው ነውሩ? እዚህ ሰው ካልጠየቀ እንደማይፈልግ ነው የሚቆጠረው። በይሉኝታ ስንት አበሻ ተጎድቷል። እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ ስኮላርሺፕ ብቻ ስለሆነ የሕዝቡ ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት አልቻልኩም፣ ቤተሰቤም ይከተለኛል፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሆን የረዳት ውል ይገኝ ይሆን? ብዙ ፕሮፌሰሮች ይህን ጉዳይ ያውቁታል፣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ደመወዙ ከጣሪያው በላይ መሆኑን ግን አረጋግጥ። ከጣሪያው በታች ከሆነ ሥራ አለህ፣ ኢንሹራንስ የለህም።

ሌላው፣ ስኮላርሺፕ ሰጪህ ተጨማሪ ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። አንዳንዶቹ አይፈቅዱም፣ ወይም ከድጎማው ይቀንሳሉ።

ሲስተር ከጅሬን (ጅማ)

እኔ ከዚሁ ከጅማ ነኝ፣ ነርስ ነኝ። እናንተ ስለዚያኛው አገር አውሩ፣ እኔ ከመሄድህ በፊት እዚህ ስለምትጨርሰው ልናገር። ሰው ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ ይሞላና የሕክምና ወረቀቱን ቤት ረስቶ ይሄዳል።

መጀመሪያ የተኛህበት ሆስፒታል ሄደህ የሕክምና ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ አጽፍ። ምን ተገኘ፣ ጠጠሩ ስንት ሚሊሜትር ነበር፣ ምን ተሰጠህ፣ መቼ ወጣህ። ማህተም ይኑረው። የአልትራሳውንዱንም ውጤት ያዝ። ካርድ ክፍል ዛሬ ነገ ሊሉህ ይችላሉ፣ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት አትምጣ።

ሁለተኛ ጥርስህን። የተቦረቦረ ካለ እዚህ አስሞላው፣ የሚነቀልም ካለ ይነቀል። መነጽር የምታደርግ ከሆነ ሁለት አሠርተህ ሂድ።

ሦስተኛ መድኃኒት። ዘወትር የምትወስደው ካለ የሐኪም ማዘዣ ከነሳይንሳዊ ስሙ ያዝ። እዚህ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ እንገዛለን (ልማዱ ጥሩ ሆኖ አይደለም)፣ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ብዙ ሰው «ፈረንጅ አገር ኢንሹራንስ ካለህ በፈለግክበት ትገባለህ» ይላል። የእኛን የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አስቡት እስቲ። እናቶቻችን ካርዱን ይዘው ቀጥታ ሆስፒታል ይመጣሉ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ካልያዙ ከኪሳቸው መክፈል ይመጣል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፣ ውጭ አገር ሕክምናም አይሸፍንም። እኛ ዞን ይሄ ነገር አዲስ አይደለም፣ ሊሙ ኮሳ በ2003 ሙከራው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። የሊሙ አርሶ አደር «ሪፈር አለህ ወይ?» የምትለዋን ጥያቄ ከኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቀድሞ ነው የለመዳት።

ከኮቺ እስከ ሙኒክ

ሲስተር እውነቷን ነው። እዚህም የቤተሰብ ሐኪም አለ፣ ሃውስአርትስት ይሉታል። መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የምትሄደው፣ ወደ ስፔሻሊስት የሚልክህም እሱ ነው። እንደደረስክ ሳትታመም ሐኪም ያዝ። ብዙ ክሊኒክ «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» ይላል፣ ትኩሳት ይዞህ ስትዞር እንዳይመሽብህ።

ለስፔሻሊስት ቀጠሮ ወር ሁለት ወር ይፈጃል። 116117 ብትደውል ቀጠሮ በመፈለግ ያግዙሃል፣ ማታና ቅዳሜ እሁድ ተረኛ ሐኪምም በዚሁ ቁጥር ይገኛል። ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ 112 ነው። ጉንፋን ይዘህ ድንገተኛ ክፍል ከሄድክ ስድስት ሰዓት ነው የምትቀመጠው፣ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም።

የሕዝቡ ካለህ ሐኪም ጋ ካርድህን ታስነካለህ፣ ገንዘብ የሚባል ነገር አይነሳም። መድኃኒት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ትጨምራለህ። ሆስፒታል ከተኛህ በቀን 10 ዩሮ፣ ያውም በዓመት እስከ 28 ቀን ብቻ። ማዘዣውም ወረቀት መሆኑ ቀርቷል፣ ከፈረንጆቹ 2024 መግቢያ ጀምሮ በካርድህ ነው የሚገባው፣ ፋርማሲ ሄደህ ካርዱን መስጠት ነው። ጥርስ ላይ ሲስተር ያለችውን ስማ፣ ማስሞላት ይሸፈናል፣ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ላይ ግን ካሳው ከፊሉን ብቻ ነው የሚሰጥህ። ለአዋቂ መነጽርም በአብዛኛው በራስህ ነው።

ጌንት ያለው

ቤልጅየም ለምትሄዱ አንድ መስመር። ጅማ ከኛ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስለምትሠራ ብዙ ሰው ይመጣል። እዚህ መጀመሪያ ከኪስህ ከፍለህ ነው፣ ከዚያ ሙቱዋሊቴ የሚባለው ማኅበር አብዛኛውን ይመልስልሃል። ስምህ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ይሰጡሃል፣ ሐኪሙ የሰጠህ ወረቀት ላይ ለጥፈህ ትልካለህ። አሁን ብዙው በኮምፒውተር ሆኗል። የመጀመሪያ ወር ባዶ ኪስ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ቡና ነጋዴው አባ ፊጣ (አጋሮ)

ልጆቼ፣ ስለ ጀርመን ስትጨዋወቱ አላቋርጥም ብዬ ነበር፣ ግን አላስቻለኝም። የኔ ልጅ ሻርጃ ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ሆዷን ያማታል፣ «አባ፣ እመቤቷ ኢንሹራንሱ ውድ ነው፣ ከደመወዝሽ ይቆረጣል ብላኛለች» አለችኝ። እውነት ነው? ማንን ነው የምንጠይቀው?

ዱባይ የቆየች

አባ ፊጣ፣ አላህ ያሽርልዎ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሠርቻለሁ፣ አሁን ጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው ያለሁት።

አይ፣ ከደመወዟ ሊቆረጥ አይገባም። ዱባይ ላይ የኢንሹራንስ ሕጉ የቆየ ነው፣ በፈረንጆቹ 2013 ነው የወጣው። ሻርጃና ሌሎቹ የሰሜን ኤምሬቶች ላይ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የቤት ሠራተኛም ሳትቀር ግዴታ ሆኗል። አሠሪው ኢንሹራንስ ካልገዛ መኖሪያ ፈቃዷ አይወጣም፣ አይታደስምም። የሚከፍለው አሠሪው ነው። መነሻው በዓመት 320 ድርሃም ነው። በወር አይደለም፣ በዓመት! እመቤቷ «ውድ ነው» ያለችው ይሄን ከሆነ ልብ ይበሉ።

ልጅዎን እንዲህ ይበሏት፦ የኤምሬትስ መታወቂያሽን ይዘሽ ኢንሹራንሱ የሚቀበለው ክሊኒክ ሂጂ። መታወቂያው ራሱ እንደ ኢንሹራንስ ካርድ ነው፣ ቁጥሩን ሲያስገቡ ይወጣል። በዚህ መነሻ ጥቅል ተመላላሽ ታካሚ ከሂሳቡ ሩብ ያህል ይከፍላል፣ ግን በአንድ ጉብኝት ከ100 ድርሃም አይበልጥም። በሰባት ቀን ውስጥ ለዚያው ሕመም ከተመለሰች ድጋሚ አትከፍልም። መጀመሪያ ኢንሹራንሱ የሚቀበለው ክሊኒክ የት እንደሆነ ትጠይቅ፣ ዝም ብላ ያገኘችው ጋ ከገባች ሙሉውን ሊያስከፍሏት ይችላሉ። ሕመሙ ከበረታ ደግሞ አምቡላንስ 998 ነው፣ ፈቃድ አትጠይቅ።

መታወቂያዋ እሷ እጅ ነው ያለው ግን? ብዙ ልጆች ላይ ችግሩ ይሄ ነው። ኢንሹራንስ አለ፣ ካርዱ እመቤቷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ቡና ነጋዴው አባ ፊጣ

አላህ ይባርክሽ ልጄ። ዛሬ ማታ እደውላለሁ። መታወቂያውን አልጠየቅኳትም፣ እጠይቃታለሁ።

ቢሺሼ በሚኒሶታ

አሜሪካስ ማን ይናገር? እሺ እኔ።

ዲቪ ደርሶን በመጣን በአምስተኛው ወር፣ ሌሊት ቀኝ ጎኔን እንደ ቢላ ወጋኝ። ትርፍ አንጀት ነው። ሚስቴ 911 ደወለች። ኢንሹራንስ አልነበረኝም፣ «ሥራ ቦታዬ ይሰጠኛል» እያልኩ ቀን ስቆጥር ነበር። ድንገተኛ ክፍል ማንንም አይመልስም፣ የፈረንጆቹ 1986 ሕግ አለ፣ ብር ኖረህ አልኖረህ መርምሮ ማረጋጋት ግዴታው ነው። ስልክ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ አቀረቡልኝ፣ በዚያ ሌሊት አንዲት ሴት «አይዞህ ወንድሜ» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም ወዳጆቼ። ሂሳቡ በኋላ ነው የሚመጣው። ያውም አንድ አይደለም። ከሆስፒታሉ አንድ፣ ከቀዶ ሐኪሙ አንድ፣ ከማደንዘዣ ሐኪሙ አንድ፣ ከአምቡላንሱ አንድ። ፖስታ በመጣ ቁጥር ሚስቴ ታያለች፣ እኔ አላይም።

ያዳነን ቤተክርስቲያን ውስጥ ያገኘናት እህት ናት። «እንዳትከፍሉ፣ እንዳትጥሉትም» አለችን። መጀመሪያ ዝርዝር ሂሳብ በጽሑፍ ጠየቅን፣ እያንዳንዱ ነገር በመስመር። ያልወሰድኩት መድኃኒት ተጽፎ አገኘን። ከዚያ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ሞላን። ለትርፍ ያልተቆሙ ሆስፒታሎች ይህ እርዳታ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ፣ ከመጀመሪያው ሂሳብ ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችላለህ። የደመወዝ ወረቀታችንን አያይዘን ላክን። የሆስፒታሉን አብዛኛውን ሰረዙልን። አምቡላንሱን ግን እስካሁን በወር በወር እየከፈልኩ ነው። ያልተጠበቀ ሂሳብን የሚከለክለው ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የመሬት አምቡላንስን አይነካም ተባልኩ። የሄሊኮፕተሩን ግን ይነካል፣ ያውም ኢንሹራንስ ላለው ሰው። እንግዲህ ከጅማዋ ቢሺሼ ሰፈር ወጥቶ ሄሊኮፕተር የሚጠራ ማን አለ?

ባጃጅ 07 (ጅማ)

ሄሊኮፕተሯ 😂 በባጃጅ አደርስህ ነበር፣ ያውም በኮንትራት ሳይሆን በታሪፍ።

ህሊና 24 (ጅማ)

ይቅርታ፣ እኔ 24 ዓመቴ ነው፣ ለማስተርስ ነው ጀርመን የምሄደው። ዝግ ሂሳቡን (ለቪዛ የሚጠየቀውን የኑሮ ገንዘብ) 11,904 ዩሮ በስንት መከራ ሞልተን አሁን ደግሞ በየወሩ ኢንሹራንስ ሲባል አባቴ ደነገጠ። ርካሹን ልግዛ ወይስ የሕዝቡን?

ከኮቺ እስከ ሙኒክ

ህሊናዬ፣ አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ ከ30 በታች ነሽ። የሕዝቡን ያዢ። አንድ ወጥመድ ብቻ ልንገርሽ፦ «የግል እፈልጋለሁ፣ ከሕዝቡ ልቀቁኝ» ብለሽ ከፈረምሽ ትምህርቱ እስኪያልቅ መመለስ የለም። ለዚህ ውሳኔ የሚሰጥሽ ሦስት ወር ነው። ዩኒቨርሲቲውም ካሳው በኮምፒውተር ማረጋገጫ ካልላከለት አይመዘግብሽም፣ ስለዚህ ከወዲሁ ካሳ መርጠሽ ጻፊላቸው፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ።

ደግሞ ሽፋኑ የሚጀምረው ከምዝገባው ወይም ከሴሚስተሩ ጋር ነው። አንቺ መስከረም ላይ ደርሰሽ ሽፋኑ ኦክቶበር 1 ቢጀምር፣ መሃል ላይ ያሉት ቀናት ባዶ ናቸው። ለእነሱ ርካሽ የመንገደኛ ኢንሹራንስ ግዢ። ኤምባሲውም ከመግቢያሽ ቀን ጀምሮ ያለውን ነው የሚጠይቅሽ።

ሰሚራ ጊሰን

ስለ ልጆች አንድ ነገር ረስቼ። @የአዌቱ ልጅ፣ የልጅህን የክትባት ካርድ ቀኑን በፈረንጅ አስጽፈህ አምጣ።

የኛን የመጀመሪያ ልጅ ጅማ ነው ያስከተብነው። ካርዱ ላይ ጤና ጣቢያዋ «12/03/2014» ብላ ጽፋለች፣ በኛ አቆጣጠር። ልጁ የተወለደው በፈረንጅ 2021 ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ካርዱን ያያል፣ ልጁን ያያል፣ ደግሞ ካርዱን ያያል። «ይሄ ልጅ ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት ነው የተከተበው» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ እሱ ግን አልሳቀም። በእጄ ወረቀት ላይ ህዳር፣ ታህሳስ እያልኩ አስረዳሁት። በ13 ወር ጊዜ ግራ ገባው። በመጨረሻ እንደ አዲስ ልንከትበው ነው አለ።

ለመዋዕለ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ግዴታ ነው፣ ከ2020 ጀምሮ ሕግ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው ሁለት ዙር ይጠይቃሉ። እኛ ጋ በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፣ ሁለተኛውን ሳይወስድ የቀረ ልጅ ብዙ ነው፣ ካርዱን እዩት።

ስሙም ሌላ ጣጣ ነው። ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ስም፤ ሦስት ሰው ሦስት «የቤተሰብ ስም»። የካሳው ሰውዬ «እናንተ ቤተሰብ ናችሁ?» አለን። የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት ከወሳኝ ኩነት አውጥታችሁ አስተርጉማችሁ ኑ። የፊደል አጻጻፉም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን።

ድሬስደን ሦስት ዓመት

ስለ ስም ስትይ አስታወስሽኝ። አምና ለገና ጅማ መጥቼ ታይፎይድ ያዘኝ። የጀርመን የሕዝቡ ኢንሹራንስ (አዎ፣ አሁን ሥራ ይዤ ገብቻለሁ፣ አትሳቁብኝ) ኢትዮጵያ ላይ አይሠራም፣ አንዲት ሳንቲም አይሰጥም። በዓመት 15 ዩሮ ገደማ የምትሸጥ የጉዞ ኢንሹራንስ ግን ገዝቼ ነበር፣ የኔዋ ለአንድ ጉዞ እስከ 56 ቀን ትሸፍናለች።

ጅማ ላይ ሁሉን በካሽ ከፈልኩ፣ በኋላ ደረሰኝ ልኬ ብሩን ልጠይቅ። አንዱ የግል ክሊኒክ የሰጠኝ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ላብራቶሪ» እና የቤት ስሜ ብቻ ነው፣ ካርድ ስታወጣልኝ የሄደችው እህቴ ናት፣ እሷ ሌላ ስሜን መች ታውቃለች። ከድሬስደን ደብዳቤ መጣ፦ «ማሙሽ ማነው?»

እህቴ ተመልሳ ሄዳ የፓስፖርት ስሜን፣ የበሽታውን ስም፣ ቀኑን በፈረንጅ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ አጽፋ አስመታችልኝ። ከፈሉኝ። ለዕረፍት የምትመጡ ልጆች ከካሸሩ ሳትነሱ ይሄን ጨርሱ።

ባጃጅ 07 (ጅማ)

ማሙሽ 😂😂 ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ይሄው ነው።

ቡና ነጋዴው አባ ፊጣ (አጋሮ)

ደወልኩላት። መታወቂያው እመቤቷ ጋ ነበር። ልጄ «ሐኪም ጋ እፈልገዋለሁ» ብላ ጠየቀቻት፣ ሰጠቻት። ክሊኒክ ሄዳለች፣ ጨጓራ ነው አሏት፣ የአንድ ወር መድኃኒት ሰጧት። ዱባይ የቆየሽው ልጄ፣ ፈረንጅ አራዳ የት ነው ቤትሽ? አንድ ፌስታል ቡና እልካለሁ።

ዱባይ የቆየች

አባ ፊጣ ኧረ ተዉ! ልጅዎ ትዳን እንጂ። (ቡናውን ግን እምቢ አልልም።)

የአዌቱ ልጅ

ተመልሻለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ። ኢሜይሉን አራት ጊዜ አጥፍቼ ጽፌዋለሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰ፣ ሦስት መስመር። ከኖቬምበር ጀምሮ በሳምንት 10 ሰዓት የምርምር ረዳት ውል ሊሰጠኝ ይችላል፣ ደመወዙም ከጣሪያው በላይ ነው። «ባለፈው ለመጣው ተማሪም እንዲሁ ነው ያደረግነው» ይላል። እኔ እዚህ ይሉኝታ ይዞኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ!

ስኮላርሺፕ ሰጪዎቹን ጠየቅኩ፣ በሳምንት እስከዚህ ድረስ ይፈቀዳል ብለው በጽሑፍ ሰጡኝ። ካሳውም የውሉን ኮፒ ላክልን ብሏል። የዶክትሬት ተማሪ እንደ ተራ ተማሪ ስለማይቆጠር በሥራው በኩል እንደምገባ ነገሩኝ። ባለቤቴና ልጄ ሲመጡ በኔ ስር ይገባሉ።

የሚቀረው ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር 1 ያለው አንድ ወር ገደማ ነው። ለእሱ... የ33 ዩሮዋን ገዛኋት። @ማሙሽ፣ ሳቅ።

ድሬስደን ሦስት ዓመት

አላልኩም? 😎 ያቺን አንድ ወር ውኃ ጠጣ ብቻ፣ ብዙ ውኃ። ጠጠር በዚያ ወር እንዳይነሳብህ።

ከኮቺ እስከ ሙኒክ

ማሻአላህ። ስትደርስ ጻፍልን። በርበሬ ከተረፈህ አድራሻዬን በውስጥ መስመር እሰጥሃለሁ።

የአዌቱ ልጅ

በደስታ። ሲስተር ከጅሬን፣ የሕክምና ማጠቃለያውን ዛሬ ልወስድ ሄጄ ካርድ ክፍል «ፋይልህ አልተገኘም፣ ሰኞ ና» አሉኝ። እንዳልሽው ነው የሆነው። የላይኛው መንጋጋዬ ላይም አንድ የተቦረቦረ አለ። ሰኞ ስንት ሰዓት ብመጣ ሁለቱንም እጨርሳለሁ?

ሲስተር ከጅሬን (ጅማ)

2፡30 ላይ ድረስ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ሰልፉ በር ላይ ነው የሚደርሰው። የካርድ ቁጥርህን ያዝ፣ በስም ብቻ ከፈለጉልህ ሌላ ሰኞም ትመለሳለህ። ጥርሱ ጋ ከመሄድህ በፊት ቁርስ ብላ፣ ባለፈው አንዱ መምህር በባዶ ሆዱ መጥቶ ወንበሩ ላይ ራሱን ስቶብናል።